ያልተቆረጠው ቀለበት

ጥቅምት 4

ሥራ ቀዝቅዟል። ጠዋት አንድ የተበጠሰ የአንገት ሐብል በየድኩ። ከሰዓት የአንዲት ሴትዮ ቀለበት አሰፋሁ። "ቀለበቱ ጠበበ" አለችኝ። ጣቷ ወፈረ እንጂ ቀለበት በምን አቅሙ ይጠባል? ዝም ብዬ አሰፋሁላት።

ራዲዮው ስለ አገር ዕዳ ሲለፈልፍ ዋለ። ዕዳው የሁላችንም ነው አለ። መቼ ተበደርኩ? ምን ገዛሁበት? እሱን አይናገርም። ዜጎች ወርቃቸውን "በገዛ ፈቃዳቸው" አዋጥተው የአገራቸውን ዕዳ እንዲያቃልሉ… የሰጠ ሁሉ ደረቱ ላይ የሚሰካ ሰማያዊ ዓርማ ያገኛል። ያልሰጠስ? እሱንም አይናገርም።

ጎረቤቴ ሸበቶው በሩ ላይ ብቅ አለ። እሱም ወርቅ ሠሪ ነው፤ ሙያውን ከአንድ ሰው እጅ ነው የተማርነው።

"ሰማህ? ሥራ ሊጎርፍልን ነው።"

"ሰው ወርቁን አውጥቶ ከሰጠ ለእኛ ምን ይተርፈናል?"

ሳቀብኝ። ምኑ ነው የሚያስቀው?

ጥቅምት 7

የዘመቻው አስተባባሪ ሱቄ ድረስ መጣ። አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሷል። እጅጌው ላይ የተሰፋችውን የፋብሪካ ምልክት እንኳ አልፈታትም። አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሕዝቡ የሚሰጠውን ወርቅ እንድፈትን ይፈልጋል።

"ለአገር ነው ወንድሜ።"

"ክፍያስ?"

"ክፍያ አትበለው። አበል አለው።"

የሱቅ ኪራይ አለብኝ። እሺ አልኩ። ለአገር ብዬ ነው ብዬ እዚህ ላይ አልዋሽም።

እንዴት እንደምሠራ ጠየቀኝ። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ፋቅ፣ አሲድ ጠብ፣ ከዚያ በብረት መቀስ ቁርጥ። "መቁረጡ ለምን አስፈለገ?" አለ። ውጭው ያታልላላ! ነሐስ ላይ ወርቅ ወፈር አድርገው ከቀቡት ድንጋዩም ይሸወዳል። ሆዱን ማየት ነው። ነፍሱን ይማረውና ያስተማረን ሰውዬ ሳንቆርጥ ስናምን ካየን በጥፊ ነበር የሚያጮለን።

"ጥሩ፣ ጥሩ" አለ አስተባባሪው። ግን እየሰማኝ አልነበረም፤ በመስታወቱ ራሱን እያየ ነበር።

ጥቅምት 13

የመጀመሪያው ቀን። አዳራሹ ባንዲራ በባንዲራ ሆኗል። ካሜራ፣ አበባ፣ የታሸገ ውኃ፣ ለክቡራን ለስላሳ ወንበር። ይሄን ሁሉ የገዛው ማነው? በዱቤ ይሆን?

መጀመሪያ የቀረበው አንድ ትልቅ ነጋዴ ነው፣ ከነሚስቱ። ሚስቱ የጣት ውፍረት ያለው አምባር ከእጇ አውልቃ ትሪዬ ላይ አስቀመጠች። ጭብጨባው ቀለጠ። አንዷ ጋዜጠኛማ እንባዋን ጠረገች። ቆረጥኩት። ሆዱ ነሐስ። ለአስተባባሪው በጆሮው ነገርኩት። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣

"ዝም በል" አለኝ።

"ነሐስ ነው እኮ…"

"ዋናው ተሳትፎው ነው። ሣጥን ውስጥ ክተተው።"

ከተትኩት። ሴትዮዋ ዓርማዋን ተቀብላ ለካሜራው ጥርሷን አሳየች። ዓይኗን በጨው አጥባ!

ሚዛን ይኖራል ብዬ ነበር። የለም። የእያንዳንዱ ሰው አይመዘንም። ሁሉም አንድ ሣጥን ውስጥ ገብቶ የማቅለጫው ቀን በጅምላ ይመዘናል አሉ። ታዲያ ማን ምን እንደሰጠ በምን ይታወቃል? በዓርማው!

ጥቅምት 15

ዛሬም የክቡራኑ ጌጥ ሆዱ ነሐስ ነው። ጫማቸው ግን እውነተኛ ቆዳ።

ጥቅምት 19

ይሄን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ መጣች፣ ባሏ ከኋላዋ። ቀለበቷ አልወጣ ብሏት ውጭ ቧንቧ ጋ በሳሙና ነው ያወለቀችው፤ አረፋው ገና ከጣቷ አልደረቀም። "ያለኝ ይቺ ናት" አለችና በሁለት እጇ ትሪው ላይ አኖረቻት። ካሜራዎቹ ሁሉ ተጋፍተው መጡ። ድሃ ሲሰጥ ያምራል መሰለኝ። ቆረጥኩ። በልማድ። እጄ ሁልጊዜ ከአሳቤ ይቀድማል።

ነሐስ።

ቶሎ ብዬ ሣጥኑ ውስጥ ልከተው ስል አስተባባሪው አየ። ለነጋዴው ሚስት ያልበራ ዓይን ለሷ በራ። ማይክራፎኑን አነሳ።

"ክቡራትና ክቡራን፣ እንዲህ ዓይነት ሰዎችም አሉ! አገር ስትጣራ ነሐስ ይዘው የሚመጡ!"

ሰው ጮኸባት። ሴትዮዋ እሱንም ሕዝቡንም አላየችም። ዞራ ባሏን አየችው።

"አንተ… ወርቅ ነው ብለኸኝ አልነበር?"

ሰውየው መሬት መሬት ያያል።

አፈር በበላሁ! ስንት ዘመን አብራው ኖራለች? ስንት ልጅ ወልዳለታለች? በመቀስ ቆርጬ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ዓርማውን አልሰጧትም። ሁለቱን ቁራጮች ከትሪዬ ላይ አንስታ በመሐረቧ ጫፍ ቋጠረችና ወጣች። ባልየው ትንሽ ርቀት ጠብቆ ተከተላት።

ጥቅምት 20

ወስኛለሁ። የድሃ ቀለበት ከእንግዲህ አልቆርጥም። የሀብታሙን ብቆርጥስ ምን ጠብ ይላል? በቃ፣ የማንንም አልቆርጥም። አሲዱንም አላንጠባጥብም። ለታይታ ድንጋዩ ላይ ነካ፣ ከዚያ ሣጥን።

በእጄ መንካቱም አስጠልቶኛል። የሰው ላብ፣ የሰው ውሸት… ትናንት ቤት ገብቼ እጄን በሳሙና ስፈትግ ቆየሁ። ሽታው የለቀቀኝ አይመስለኝም። ዛሬ ሁሉንም በወረንጦ ነው ያነሳሁት። እነሱ ትሪው ላይ ያኖራሉ፣ እኔ በወረንጦ ብድግ፣ ነካ፣ ሣጥን። እጄ አንዱንም አልነካም።

አስተባባሪው ደስ ብሎታል። "አሁን ፈጠንክ" አለኝ።

ጥቅምት 22

እትዬ ሱቅ መጣች። ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ደግሞ እናቴም እሷው ናት። ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆና ነው የምትሠራው። ፊቷን ሳይ ነገር እንዳለ አወቅኩ።

"ቀጮ፣ እኛንም ሊያሰልፉን ነው።"

ቀጮ የምትለኝ በቁመናዬ ነው። ስንት ዓመት አብልታኝ ወፍሬላት አላውቅም።

ርዕሰ መምህሩ ሠራተኛውን ሰብስቦ "በፈቃደኝነት ነው፣ ማንም አይገደድም" አላቸው። ቀጥሎ ደግሞ ዓርማ የሌለውን ሰው የሥራ ውል ለማደስ "እንደሚቸገር" ነገራቸው። እንደሚቸገር! ምስኪን! የእትዬ ውል የሚያልቀው በቅርቡ ነው። ያላት ወርቅ ደግሞ አንድ ነው፤ የጋሼ ቀለበት።

ጋሼ ባሏ ነበር። የአውቶቡስ ሹፌር። የራሷን ቀለበት ለሕክምናው ሸጣዋለች። የእሱን ግን ከሞተ ጀምሮ መሐል ጣቷ ላይ አድርጋው ትኖራለች። ያን ቀለበት ለሠርጋቸው የሠራሁት እኔ ነኝ። ማንም ሳያግዘኝ የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራዬ። ብየዳው ጋ ጎበጥ ብሎብኝ ላስተካክለው ስል ጋሼ፣ "ተወው፣ ያንተ ሥራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?" ብሎ ከለከለኝ። በኋላ ደግሞ የማርሽ ዘንግ ሲጨብጥበት ኖሮ አንድ ጎኑ ጠፍጠፍ አለ። እሱም የእሱ ምልክት ሆነ።

"ልሰጠው ነው" አለች እትዬ። "ምን ላድርግ? ሥራዬን ልጣ?"

"አትሰጪውም።"

"እንዴት ብዬ?"

"ሌላ እሠራልሻለሁ። ፈታኙ እኔ አይደለሁ?"

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች።

"ቢይዙኝስ? እንደዚያች ሴትዮ?"

"እኔ አለሁ።"

አንጀቴ እርር ብሎ ነው ያልኩት። የሞተ ሰው ቀለበት ለዚያ አስተባባሪ? እጅጌው ላይ ምልክት ለለጠፈ?

ጥቅምት 25

ነሐስ ፍለጋ ሸበቶው ጋ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ በትሪ ሙሉ ቀለበት፣ ጉትቻ፣ አምባር። ሁሉም ነሐስ፣ ሁሉም ወርቅ ቅብ። እንደ ዳቦ ደርድሮ እያገላበጠ ነው!

"የእህትህ ትምህርት ቤት ትዕዛዝ ነው" አለኝ። "መምህራኑ በሙሉ። ርዕሰ መምህሩም አለበት።"

"አታፍርም?"

"እኔ? አንተስ ምን ልትወስድ መጣህ?"

የምፈልገውን በጣቴ አሳየሁት። ነሐሱን ሰጠኝ። ሒሳብ ግን አልቀበልም አለ፤ "የሙያ ወንድሜ አይደለህ?" ብሎ። ያኔ በሩ ላይ የሳቀው አሁን ገባኝ። ከተማው በሙሉ ነሐስ ሲቀባ ከርሟል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ… እጅ እጅ ይላል።

የሚገርመው ግን ቁጭ ብዬ ስጀምር ሥራው ጣመኝ። ጠፍጣፋውን ጎን፣ ብየዳው ጋ ያለችውን ጎባጣ፣ ጭረቶቹን አንድ በአንድ። ወርቁን ስስ አድርጌ ነው የቀባሁት። ለአንድ ቀን አይደል? ስጨርስ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው። ጋሼ ራሱ ቢመጣ በዓይኑ አይለያቸውም። ኮራሁ። በምኑ ነው የኮራሁት ደግሞ?

ጥቅምት 27

ለእትዬ ሁለቱንም ሰጠኋት።

"ሐሰተኛው ቀለል ይላል። መዳፍሽ ላይ ስታደርጊው ታውቂዋለሽ። እውነተኛውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፊው።"

እሺ፣ እሺ ትላለች እንጂ የሰማችኝ አልመሰለኝም። ሁለቱን መዳፏ ላይ አድርጋ "መንታ ወለደ" አለችና ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች።

ጥቅምት 28

አለፈ። ተመስገን።

የትምህርት ቤቱ ሰልፍ… ርዕሰ መምህሩ ከፊት፣ መምህራኑ ከኋላ፣ ሁሉም የሸበቶውን ሥራ ይዘው። ሸበቶው እጁን የት ይደብቃል? ጠርዝ የሚሞርድበት መንገድ ያስታውቅበታል። ለእያንዳንዱ ጭብጨባ። ርዕሰ መምህሩ ቀለበቱን ሲያኖር ድምፁ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ለነሐስ!

እትዬ መጨረሻ ላይ ነበረች። ትሪው ላይ አኖረችና ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ቶሎም አልነቀለችም። ፈርታለች አልኩ። ካሜራው እላያችን ላይ ነው፤ አስተባባሪው ማጅራቴ ላይ ይተነፍሳል። አይዞሽ ለማለት ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ገለጥኩላት። በወረንጦ ብድግ፣ ድንጋዩ ላይ ነካ፣ ሣጥን። እፎይ ስትል ትከሻዋ ሲወርድ ታየኝ።

ዓርማውን ደረቷ ላይ አጣመው ሰኩላት። እስክትወጣ ድረስ አላቀናችውም።

ኅዳር 1

የማቅለጫው ቀን። ለካሜራ እንዲመች ብለው ምድጃውን አዳራሹ በር ላይ ተከሉት። ሣጥኑን እሳቱ ላይ የገለበጥኩት እኔ ነኝ፣ ጓንት አድርጌ።

የጠበቅኩት አልቀረም። ወርቅ ሲቀልጥ እንዲህ አያጨስም፤ ዝም ብሎ ያበራል። ነሐስ ነው የሚያጨሰው። ነጭ ጭስ ቡልል ብሎ ወጣ! ክቡራኑ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ ለጠፉ። የፊተኛው መደዳ ሳል በሳል ሆነ። አስተባባሪው በማይክራፎኑ ውስጥ እያሳለ፣

"ይህ… እህ እህ… ወርቁ ከእድፉ ሲጠራ ነው!" አለ።

ተጨበጨበ። እያሳሉ ያጨበጭባሉ። ሳቄ መጣ።

ስመለስ እትዬ ቤት ገባሁ። "ጭሱ ከዚህ ድረስ ታየ እኮ" አለችኝ። "አንቺም አለሽበት" አልኳትና ተሳሳቅን። ቀለበቷን ጣቷ ላይ አድርጋዋለች።

"ቁም ሣጥን ውስጥ አላልኩሽም?"

"ቤት ውስጥ ብቻ ነው የማደርገው። ጣቴ ባዶ ሲሆን ብርድ ብርድ አለኝ።"

ኅዳር 12

እትዬ ጋ ነበርኩ። ሻይ ስትቀዳልኝ እጇን አየሁ። ቀለበቱ ሥር ጣቷ ዙሪያውን አረንጓዴ ሆኗል።

ሻዩ ትን አለኝ፣ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። በዚያው እጇ።

የጋሼ ወርቅ ጣት አረንጓዴ አድርጎ አያውቅም።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ነገሩ ይመላለስብኝ ጀመር። ትሪው ላይ የነበረው የቱ ነበር? እሳቱ ላይ የገለበጥኩትስ?

ኅዳር 13

ሆድ ግን አልፈጀውም። ከሥራ እስክትመለስ በሯ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት።

"እትዬ፣ እስቲ ያንን ቀለበት አምጪው።"

ከቁም ሣጥን አውጥታ ሰጠችኝ። በባዶ እጄ ተቀበልኩ። ገና መዳፌ ላይ ሲያርፍ አወቅኩት። ቀለለኝ።

ፊቴን አየች። ማስረዳት አላስፈለገኝም።

"እሱ ነው የሄደው?"

"እሱ ነው።"

ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

"ያን ቀን ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ላይ ልያቸው ብዬ አወጣኋቸው። ከእጄ አመለጡኝ፣ አልጋ ሥር ገቡ። ሳወጣቸው የቱ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ።"

"ቀለል የሚለው ነው ብዬሽ!"

"ሁለቱም ከበዱኝ ቀጮ።"

"ታዲያ እንዴት ይዘሽው መጣሽ?"

"አንተ አለህ ብዬ ነዋ! ራስህ የሠራኸውን ቀለበት ገና ስትነካው ታውቀዋለህ ብዬ። እሱ ከሆነ አንድ ሰበብ ፈጥረህ ትመልስልኛለህ ብዬ። ዓይንህን እያየሁ ጠየቅኩህ እኮ። አንተም 'አውቄዋለሁ' አልከኝ።"

ያ ዓይኔን ጨፈን ያደረግኩት… እኔ አይዞሽ ማለቴ ነበር።

"አልነካሁትም እትዬ። በወረንጦ ነው ያነሳሁት።"

"ለምን?"

ምን ልበላት? ሰልፉን በሙሉ ተጠይፌ ነው ልበላት? አንቺም ሰልፉ ውስጥ ነበርሽ ልበላት? ሳልነካ፣ ሳልቆርጥ። ያ ያስተማረን ሰውዬ ቢኖር ጥፊው አይበቃኝም ነበር።

አልጮኸችብኝም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ተነስታ ንጹሑን ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ኅዳር 14

ከዚያ ሁሉ የትምህርት ቤት ሰልፍ እውነተኛ ወርቅ የሰጠች እሷ ብቻ ናት። ሄጄ ለርዕሰ መምህሩ ብነግረውስ? ምን ይለኛል? ዋናው ተሳትፎው ነው ይለኛል።

እስከ ዛሬ የተጠየፍኩት እነሱን ነበር። ዛሬ ራሴን ነው።

ኅዳር 21

እትዬ ጋ አልሄድኩም። አልመጣችም።

ታኅሣሥ 2

የእትዬ ውል ታድሷል። ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛዋ ድረስ መጥቶ "እንኳን ደስ አለሽ" አላት አሉ። ራዲዮው ደግሞ የተሰበሰበው ሁሉ ለዕዳው ሳይሆን ለወለዱ፣ እሱም ለጥቂት ቀናት ወለድ ብቻ እንደዋለ ተናገረ። ይቺን ቶሎ ቶሎ አነበባት። ሁለተኛው ዙር ሊጀመር መሆኑን ግን በሙሉ ድምፁ ነው ያበሰረው።

አስተባባሪው ትናንት መጥቶ ነበር። ምልክቷ አሁንም እጅጌው ላይ አለች።

"ፈጣን ሰው ነህ፣ አሁንም አንተን ነው የምንፈልገው።"

"አልሠራም።"

"ለአገር እኮ…"

"ውጣልኝ!"

ሸበቶው በግድግዳው ሰምቶ ኖሮ ብቅ አለና "ኪራይህን ማን ሊከፍልልህ ነው?" አለኝ። እውነቱን ነው። አላውቅም።

ዛሬ እትዬን ሱቅ አስጠራኋት። ወርቅ ሠሪ የሱቁን ጥራጊ አይደፋም። ለዓመታት ከወለሉና ከሽርጤ ላይ ያጠራቀምኩት ትቢያ ነበረኝ። አቃጥዬ፣ አጥቤ፣ አጣርቼ ያለውን ወርቅ አወጣሁ። በባዶ እጄ ሠራሁት። ጠፍጣፋው ጎን፣ ጎባጣዋ፣ ሁሉም አለ። መዳፏ ላይ አኖርኩላት።

"ይሄ ወርቅ ነው። ካላመንሽኝ መቀሱ ያውልሽ።"

ነሐሱን ከጣቷ አወለቀች። ጣቷ አረንጓዴ እንዳይሆን ብላ ሥሩን በፕላስተር ጠቅልላዋለች። አንዱን በአንዱ እጇ፣ ሌላውን በሌላው አድርጋ መዘነቻቸው።

"አሁንስ ለየኋቸው" አለች። ሳቅ አለች ደግሞ። ካኮረፍን ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

ከዚያ ነሐሱን መልሳ አጠለቀችው። ወርቁን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው።

"ምነው እትዬ?"

"አስቀምጥልኝ። ሁለተኛ ዙር አለ አይደል? ሲመጡ ይሄን እሰጣቸዋለሁ።"

"ኧረ ነሐሱን ስጫቸው! ለእነሱ ወርቅ ምን ያደርግላቸዋል?"

"ነሐሱንማ አልሰጥም ቀጮ። የጋሼን ቀለበት እያየህ የሠራኸው ይሄን ነው፤ ከሱ የቀረኝ ይሄ ነው።"

ሻንጣዋን አንስታ ወጣች። ዓርማው አሁንም እንደተጣመመ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተወችውን ወርቅ በእጄ አነሳሁት። ከበደኝ።